የምድር ቤቱ እንግሊዝኛ

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባለቤቴ «ተያት በቃ፣ አሮጊት እኮ ናት» ይለኛል። እና ታዲያ? ዕድሜ ሳሙና ነው እንዴ የሚያጸዳት? እሷ ለማርጀት በቅታለች። አባቴ ግን ስልሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሳንባው ከሰል ጠጥቶ ሞተ። ይህን የማወራው ልቤ ስለለሰለሰ አይደለም።

በእኛ በቼኮች አገር ኮሚኒስቶቹ ከሥልጣን በወረዱ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ አርኖሽት ሃናክ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ የማሞቂያውን ቦይለር ከሰል ያጎርስ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያው ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። የሩሲያ ታንኮች አገራችን ከገቡ በኋላ «መግባታቸው የወንድም እርዳታ ነው ብለህ ፈርም» ሲሉት አልፈርምም አለ። በመምህራን ክፍል ስለ ታንኮቹ ያወራውን ደግሞ አንዲት ባልደረባው ቃል በቃል ጽፋ አቀረበችበት። ወረቀቱን አሳይተውታል፣ ፊርማዋን በዓይኑ አይቷል። ቭላስታ ቶማኖቫ፣ የሩሲያኛ አስተማሪ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ከላይ ስታስተምር እሱ ከታች ሆኖ ክፍሏን ሲያሞቅላት ኖረ።

እኔ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እሱ ነበር የምወርደው። የምድር ቤቱን በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ይመታኛል፤ የከሰሉ ሽታ ደግሞ ቢታጠብም ከሹራቤ አይለቅም። ልጆቹ «ጥላሸት» ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር። አባቴ አካፋውን ያስደግፍና ጠመኔ አንሥቶ በቦይለሩ ጥቁር የብረት በር ላይ የእንግሊዝኛ ግሦችን በሦስት ረድፍ ይጽፍልኛል። ደንብ የማይከተሉት ግሦች ከመቶ በላይ ናቸው። እሱ አንድ አካፋ ከሰል ሲወረውር እኔ አንድ ግስ እላለሁ። ከተሳሳትኩ አካፋው አየር ላይ ይቆማል፤ እስካስተካክለው ድረስ እሳቱም፣ እሱም፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉም ይጠብቀኛል።

«እኛ ቼኮች ያሉን ሦስት ጊዜዎች ናቸው» ይለኝ ነበር፤ «ነበረ፣ አለ፣ ይኖራል፣ አበቃ። እንግሊዞቹ ግን ለአንድ ትናንት አራት ዓይነት ልብስ አላቸው። የቱን መቼ እንደሚያለብሱት ካላወቅሽ ይስቁብሻል።»

«ለምን እንዲህ አበዙት?»

«ዝናብ አላስወጣ ብሏቸው ነዋ። ቤት ውስጥ ሥራ ፈተው።»

እንግሊዝኛው ብቻ ነበር የቀረው። ደመወዙን፣ ጓደኞቹን፣ በዋናው ደረጃ የመውጣት መብቱን ወስደውበታል። ያን ቋንቋ ግን ከራስ ቅሉ ውስጥ ማን ሊያወጣው ይችላል? እሱም ያውቀው ነበር፤ ሲናገረው ድምፁ ይለወጣል፣ ጀርባው ይቃናል።

በዚያ ዓመት ሩሲያኛ ግዴታ መሆኑ ቀረና ወላጅ ሁሉ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ አለ። የሩሲያኛ አስተማሪዎች በሰኔ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሄደው የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲወስዱ ታዘዘ፤ ያለፈ ያስተምራል፣ የወደቀ ይሰናበታል። አዲሶቹ መጻሕፍት ገና አልደረሱም ነበር። ሰውም መጽሐፍም ሳይኖር ተዘጋጁ ተባሉ።

አዲሱ ዳይሬክተር ፖላክ አንድ ቀን ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ወላዋይ። የሸሚዙ እጅጌ እንዳይቆሽሽ ክንዱን ከገላው አርቆ ቆመና እኔን ከቁብ ሳይቆጥር እንዲህ አለ፦

«አቶ ሃናክ፣ ያለኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቦታ ነው። ቶማኖቫ ሰኔ ላይ ካለፈች የሷ ነው፤ ሕጉ ነው፣ ምንም ማድረግ አልችልም። ከወደቀች ግን ከመስከረም ጀምሮ የእርስዎ ነው። ይህ ነገር ከሁለታችን እንዳይወጣ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በዋናው ደረጃ ሲወጣ ማየት፣ በቃ። ጥላሸት ያሉኝ ሁሉ ተነሥተው ሲቆሙለት ማየት።

በጥር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደወላችን ተደወለ። በሩን ስከፍት ቶማኖቫ የቸኮሌት ካርቶን ታቅፋ ቆማለች፤ ባርኔጣዋ ላይ በረዶ ነበረ። ሳትጠየቅ ቡትስዋን አወለቀች፣ እኔም ሳልታዘዝ የእንግዳ ስሊፐር አቀረብኩላት። ቤታችን ውስጥ ማንም በጫማ አይገባም፣ ጠላትም ቢሆን።

«አቶ ሃናክ» አለች ሳሎን ገብታ፤ «የሆነው ሆኗል። ያን ጊዜ ሁላችንም ልጆች ነበሩን፣ ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

«እኔ ገና ልጅ አልነበረኝም» አለ አባቴ።

«እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ። በዚህ ከተማ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ የድስት ክዳን ጣለች። አልወደቀባትም፤ ጣለችው። አባቴ ግን ቸኮሌቱን ተቀበለና «ቅዳሜ ቅዳሜ ይመቸኛል» አላት። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ሞኝ ይመስላት ስለነበር አልጠረጠረችውም።

ከሄደች በኋላ በወጥ ቤቱ በር በኩል ሰማኋቸው።

«በእጇ የጣለችህን ሴት በእጅህ ልታነሣት ነው?» አለች እናቴ።

«አስተምራታለሁ አልኩ እንጂ አነሣታለሁ አልኩሽ?»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቢታወቅብህስ?»

«እስከ ሰኔ ማን ያውቃል፣ ሊቡሼ? ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር ጥርስ እስኪሰብር ድረስ አይታይም።»

እኔ ስለ ራት የሚያወሩ መስሎኝ፣ በማግስቱ የምስሩን ከረጢት አውጥቼ አንድ በአንድ ለቀምኩ። አንድም ጠጠር አላገኘሁበትም፤ እናቴ አይታኝ ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡህታ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ ይጋገር ነበር፣ የፕለም ማርማላታ የተሞላበት። ለቶማኖቫም ሁለት በሳህን ይቀርብላታል። እኔን ወጥ ቤት ይልኩኝና ሳሎኑ ይዘጋል። የአባቴ ድምፅ ለስለስ ብሎ ይሰማኛል፣ ለታመመ ሰው እንደሚያነብ። በሌላው ቀን ደግሞ የጽሕፈት መኪናው ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ለሷ የግስ ሰንጠረዥ እየጻፈላት ነው። አባቴን የመሰለ ደግ ሰው ምድር ላይ የለም ብዬ አስብ ነበር፤ ደግነቱም ያናድደኝ ነበር። ለምን ይረዳታል? ካለፈች ደረጃው ቀረ ማለት አይደል? አንዳንዴ ደግሞ ፈርቷት ይሆናል እላለሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ዳይሬክተሩ «እስኪ እጅሽን አሟሺ» ብሎ የእኛን ክፍል ሰጣት። አባቴ ይህን ፈጽሞ አልጠበቀም ነበር። እሱ ጠጠሩን ያሰበው ለፈታኞቹ ብቻ ነበር።

ቶማኖቫ እንደ ድሮው ተማሪ ወደ ሰሌዳ እየጠራች በቃል ትጠይቃለች። ድሮ «ጓድ መምህርት» እንላት ነበር፤ አሁን «ወይዘሮ መምህርት» በሉኝ ብላለች። ምላሳችን እስኪለምደው ግማሹ ልጅ «ጓድ ወይዘሮ» ይላታል።

«ሃናኮቫ፣ ወደ ሰሌዳ። ማምጣት።»

ሃናኮቫ እኔ ነኝ፤ በእኛ አገር የአባት ስም ለሴት ሲሆን እንዲህ ይረዝማል። ጥያቄው ደግሞ የአንድ አካፋ ሥራ ነው። «ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት» አልኩ።

መዝገቧ ውስጥ ያጣጠፈችውን ወረቀት አየት አደረገችና «ብሪንግ፣ ብራንግ፣ ብራንግ» አለች። ሌላም ጠየቀችኝ፣ ሌላም። ሦስቱንም ስህተት ነው አለችኝ።

«አይደለም፣ ወይዘሮ መምህርት፣ አባቴ…»

አንገቷ ቀላ። «አባትሽን እዚህ አታምጪብኝ።»

ከኋላ አንዱ «የጥላሸት እንግሊዝኛ» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቶማኖቫ የነጥብ ደብተሬን ተቀብላ በቀይ አምስት ጻፈችበት። በእኛ አገር አንድ የጎበዝ ነው፣ አምስት የወዳቂ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ በወላጅ መፈረም አለበት። ያን ቀን በቀል የሚባለው ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ደብተሩን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ።

«አባዬ፣ ትክክል እኮ ነው ያልኩት። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን አምስት ሰጠችኝ?»

አምስቷን ለረጅም ጊዜ አያት። እጁን በጨርቅ ጠረገና ፈረመ። «ብላንካ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ክፍል ውስጥ እሷ እንዳለችው በይ። እዚህ ስትመጪ እኔ እንዳልኩሽ።»

«ፈርተሃት ነው?»

እሳቱን ለማየት ጎንበስ አለ። «እንደዚያ በይው» አለኝ።

ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ቁልቁል ሄዷል፤ ያን ጊዜ እጁ ስለደከመ መስሎኝ ነበር። እሷ እንዳለችው ማለት አልቻልኩም፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። እስከ ግንቦት ድረስ ሌሎች ሁለት አምስቶች ተጨመሩልኝ፤ እሱም ፈረመባቸው። እያንዳንዷን ፊርማ እየቆጠርኩ፣ አባቴ ካልተበቀለልኝ እኔ እበቀልለታለሁ አልኩ።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ጀርባ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ መጽሐፍ ነበረው። ለንደን የታተመ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግሦቹ በሙሉ በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ባይነግረኝም ማንም እንዲነካው እንደማይፈልግ አውቅ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እጄን አወጣሁ። መልስ ሳልጠብቅ ወደ ጠረጴዛዋ ሄጄ መጽሐፉን ገልጬ አስቀመጥኩና ከኋላ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «መጽሐፉ ብሮት ነው የሚለው፣ ወይዘሮ መምህርት። የታተመው ደግሞ ለንደን ነው» አልኳት።

ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ በኔ ላይ አልነበረም። እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ቶማኖቫ ወረቀቷን ዘረጋችና ከመጽሐፉ ጎን አኖረችው። ጣቷ በሁለቱ ላይ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ ይሄድና ይቆማል፣ ይሄድና ይቆማል። ከንፈሯ ነጣ። በኀፍረት እየሞተች ነው ብዬ ደስ አለኝ። እየቆጠረች መሆኑን ምን አውቄ።

ቀና ስትል ድምጿ የጠበቅኩት አልነበረም። «ጎበዝ፣ ሃናኮቫ። መጽሐፉን ታውሽኛለሽ? እስከ ሰኔ ብቻ።»

በኩራት አዋስኳት።

ከደወሉ በኋላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። «አባዬ፣ ተበቀልኩልህ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ መጽሐፉን፣ ሳቁን፣ የነጣ ከንፈሯን። አባቴ ከሰል የሞላውን አካፋ መሬት አስቀመጠው። «እንደገና ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። «ወረቀቷን ከመጽሐፉ ጎን አኖረችው? እስከ ታች ድረስ አየችው?» አለና አሁንም አስደገመኝ። ሦስት ጊዜ አወራሁለት፣ በየጊዜው እያሳመርኩት። ወሬው ጥሞት ነው ያልኩት። እሱ ግን አንዲት ቀዳዳ እየፈለገ ነበር፤ ምናልባት አላስተዋለች ይሆናል የሚልባት። ሲያጣት ራሴን በጥቁር እጁ ዳበሰኝና «ጀግና ነሽ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቶማኖቫ ቅዳሜ አልመጣችም። ሦስት ሳምንት ያን መጽሐፍ አጠናች። ክፉ ናት እንጂ ደደብ አይደለችም። በሰኔ ሄዳ ተፈተነች፣ አለፈችም።

በሳምንቱ ዳይሬክተር ፖላክ ቤታችን መጣ፣ እሷም ከኋላው። ስሊፐር ሰጠኋቸው። ፖላክ ሳሎን ሳይቀመጥ እንኳ «ደስ የሚል ወሬ ነው» ብሎ ጀመረ፤ የተመዝጋቢው ልጅ ብዛት ለሁለት አስተማሪ ይበቃል፣ ሁለተኛውን ቦታ ለአቶ ሃናክ ማስፈቀድ ይቻላል አለ። ደረጃው፣ ነጭ ሸሚዙ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ።

አባቴ «ብላንካ፣ ወጥ ቤት ሂጂ» አለኝ።

«ትቀመጥ» አለች ቶማኖቫ፤ «ተማሪዬ አይደለች? እሷም ትስማ።» ከቦርሳዋ የተጣጠፈውን ወረቀት አወጣች። በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሯል። «ይህን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሃናክ?»

«ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ የአባቴ መሆኑን ያወቅኩት።

«ሠላሳ አንድ ስህተት አለበት» አለች፣ ፊቷን ወደ ዳይሬክተሩ አዙራ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሆን ብለው ነው ወይስ እንግሊዝኛው ጠፍቶብዎት? ሆን ብለው ከሆነ እንዲህ ላለ ሰው ልጅ አደራ አይሰጥም። ጠፍቶብዎት ከሆነም የሚያስተምሩት የለዎትም። በልጅዎ ፊት ይንገሩን።»

ፖላክ ስሊፐሩን ያይ ጀመር። እናቴ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «አርኖሽት» አለችው፤ «ሥራው እንደሆነ ሄዷል። ቢያንስ እንደምታውቀው ንገራቸው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ለምን እንደሚያየኝ አልገባኝም። ፊቴን ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ቆየና «ረስቼዋለሁ» አለ። «ሃያ ዓመት ቀላል አይደለም፣ ጭሱም አለ። አንዳንዱ ግስ ጠፍቶብኛል።»

ቶማኖቫ ወረቀቷን መልሳ አጣጠፈች። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

እኔስ? እኔ አፈርኩበት፤ አልዋሽም። ለኔ የነገረኝ ሁሉ ትክክል እንደነበረ መጽሐፉ መስክሮለት ሳለ፣ አንዴ ያስታውሳል አንዴ ይረሳል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠመኔ ሲያነሣ «ተወው አባዬ፣ ክፍል እማረዋለሁ» እለው ነበር። ሦስት ዓመት ከቶማኖቫ ተማርኩ። አንድ በአንድ ላይ ሰበሰብኩ፤ እያንዳንዷን አንድ እሱ ፈረመልኝ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያወራ ዳግመኛ ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠጠሮቹን ምስር ውስጥ አውቆ እንደከተተ፣ ሦስት እውነት አስተምሮ አራተኛውን ውሸት እንዳደረገ፣ ሰኔን እንዴት እየቆጠረ እንደጠበቀ፣ ሁሉንም። «አሳብደሽዋል እኮ በዚያ መጽሐፍ» አለችኝ። «ግን አስምሎኛል። ልጄ በገዛ እጇ እንዳስቀረችብኝ እያወቀች አታድግም አለኝ። አላዋቂ ነው ብትለኝ ይሻላል አለ።»

እኔ ዛሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ በሌላ ከተማ። ወደ ከተማችን የምሄደው እናቴን ለማየት ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም መድኃኒቷን ልገዛላት ፋርማሲ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ ያለችው አሮጊት ዞራ አየችኝ።

«ሃናኮቫ» አለች። ለሰልፈኛው ሁሉ ደግሞ «ይቺ ተማሪዬ ናት፤ እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች።

ስንት ዓመት የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። የወጣው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «ያስተማረኝ አባቴ ነው። አልረሳም ነበር፣ ወይዘሮ ቶማኖቫ፤ አንዲት ቃል አልረሳም ነበር።»

ሰዎቹ ዞር ዞር አሉ። እሷ አልደነገጠችም። ምርኩዟን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ጠጋ ብላ በዝቅተኛ ድምፅ መለሰችልኝ።

«አውቃለሁ። የዚያን ቀንም አውቄ ነበር። መጽሐፉን ሰጥተሽኝ ያሰበውን ያፈረስሽበት አንቺ እንደሆንሽ እንዳታውቂ ብሎ ምን እንደሚመልስልኝ ገብቶኝ ነበር። አንቺን ቁጭ በይ ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

ተራዋ ደርሶ ነበር። መድኃኒቷን ተቀበለች፣ ባለሙያዋን አመሰገነች፣ ሄደች። በምን አፌ ልመልስላት፣ በየትኛው እጄ ልምታት? የሰማንያ አምስት ዓመት ሴት ናት፣ ምን ይወሰድባታል?

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፣ በከተማው ያለው መልካም ስሟ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። አባቴ አርኖሽት አይባልም፣ እናቴም ሊቡሼ አይደለችም፣ እኔንም ብላንካ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ዳይሬክተሩንም አዝኜለት ፖላክ ብዬዋለሁ። ቭላስታ ቶማኖቫ ግን ቭላስታ ቶማኖቫ ናት።